ለእናቴ በቁሟ የተቀቀለ ንፍሮ

እናቴን አንድ ጊዜ ገድያታለሁ። ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ሰማያዊ በር ባለው ግቢ ቆሜ፣ ወለል ወለሉን እያየሁ ነው የገደልኳት። ሥራ ለመቀጠር ብዬ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት መተማ መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን ሽንኩርት እየከተፈች ወይም ከጎረቤት ጋር እየተሟገተች ነበር። ጤናዋ ከእኔ ጤና ይሻል ነበር።

ያን ግቢ አሁን ብሄድም አላገኘውም። ጦርነቱ ከገባ በኋላ በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ተወስዷል ብለውኛል። የቤቱ ባለቤት ካይሮ ገብተዋል፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ አንድ ሻንጣ አንጠልጥዬ ወጥቻለሁ። ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ሌላ የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ ከምዕራፎቹ አንዱ ስለ እኔ ነው፤ ስሜ ግን የለበትም። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚያ ምዕራፍና ስለጻፉት ሴት፣ ስለዚያ ቤት ባለቤት ነው።

ሰው ሁሉ “ዶክቶራ” ነበር የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምረው፣ ምላሳቸው አላርፍ ስላለ ገፍተው አስወጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶችን በቤታቸው እየተቀበሉ ያነጋግራሉ፣ ማለዳ ማለዳ ደግሞ ይጽፋሉ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ባል ነበራቸው፣ ፈትተዋል፤ ለምን ሲባሉ “ጥሩ አንባቢ ነበር፤ የማያነበው የእኔን ብቻ ነው” ይላሉ። ጋዜጣ ፌሚኒስት ብሎ ሲሰድባቸው እሳቸው እንደ ማዕረግ ይቀበሉታል። የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙትን ጨርቅ፣ ቶብ የሚሉትን፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ሲራመዱ ጫፉ ሁልጊዜ የበር እጀታ ላይ ይያዝባቸዋል። አንድም ቀን ሳይያዝባቸው ሲያልፉ አላየሁም።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ላይ ስቄባቸዋለሁ። ሴት በቤቷ ስለምትለፋው ልፋት ወፍራም መጽሐፍ የጻፉ ሰው፣ ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። “ዛሬ ሻዩን እኔ ላፍላ” ብለው ከተነሱ ማንቆርቆሪያው አሮ ነው የሚገኘው። በልቤ “እኚህ ናቸው እንግዲህ የሴቶች ጠበቃ!” እል ነበር። ነገር ግን በተቀጠርኩ ዕለት ያደረጉትን ነገር ሌላ ቤት አላየሁም። ከዚያ በፊት ባሕሪ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ፣ አንድ ቤት ዓመት ያህል ሠርቼ ነበር፤ የምተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ዶክቶራ ግን አንድ ክፍል ከፍተው አሳዩኝና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት።

“ከውስጥ ይቆለፋል” አሉኝ። “የሴት በር ቁልፉ መኖር ያለበት በሴትየዋ እጅ ነው፣ ያ ብቲ። እኔም ብሆን አንኳኩቼ ነው የምገባው።”

ያ ብቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ተኛሁ።

ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴቶች ይመጣሉ። ጓሮ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ሁለት መቀመጫ አለ፤ አንዱ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር፣ ሌላው በገመድ የተሠራ አጭር በርጩማ። ከፍ ያለው ላይ የምትቀመጠው ተናጋሪዋ ናት። ዶክቶራ ጉልበታቸውን እያመማቸው አጭሩ ላይ ኩርምት ይላሉ። የሚኒስትር ሚስት ብትመጣም፣ ከመንገድ ዳር ሻይ ሻጭ ብትመጣም ያው ነው። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። “ከፍ ብላ የተቀመጠች ሴት አትለማመጥም” አሉኝ።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላው ልማዳቸው ነው። የአንዲትም ሴት ነገር ለራሷ ተነቦላት ሳትሰማው ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። የጻፉትን ይዘው በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና እስክርቢቶውን ለሴትየዋ ይሰጧታል፤ ያልወደደችውን ትሰርዛለች። ማንበብ የማትችል ከሆነች እጇን እያነሳች ታስቆማቸዋለች፣ እሳቸው ይሰርዙላታል። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስወጣ አንዲት ሻይ ሻጭ እጇን አንስታ “በቃ፣ ቁሚ!” አለቻቸው። ዶክቶራ “እንባዋን እየጠረገች ነገረችኝ” ብለው ጽፈው ኖሯል።

“እኔ መቼ አለቀስኩ?” አለች ሴትዮዋ። “የከሰሉ ጭስ ነው ዐይኔን የሚያቃጥለኝ!”

“መዓሌሽ፣ ይቅርታ” አሉና ዶክቶራ አንገታቸውን ደፍተው ሰረዙት። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የተማረ ሰው በሻይ ሻጭ ታርሞ እሺ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በጨውና በማንቆርቆሪያው መሳቄን ተውኩ፤ ቢያንስ ቀነስኩ።

ለዚህ ልማዳቸው አንድ ምክንያት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ከጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ ነው። አንድ ሰውዬ “የዚች ጸሐፊ ሴቶች ያሉት በብዕሯ ውስጥ እንጂ በሱዳን ምድር አይደለም” ብሎ ጽፎባቸዋል። ወተት ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ሰውዬው ፊት ለፊቴ ነው። ለምን አይቀዱትም ስላቸው፣ “ይኼ ሰው አንዲት ውሸት ብቻ ያግኝብኝ፣ የሃምሳ ሴቶችን እውነት ይቀብርባታል” አሉኝ። እኔ ወተቱን አውጥቼ በሩን ቶሎ ዘጋሁት። ሆዴ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ውሸት አውቃታለሁና።

ያቺ ውሸት የተጠናችው ጀሪፍ ነው። ከባሕሪው ቤት ከወጣሁ በኋላ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። አከራያችን ካርቱም ውስጥ ያረጀች የአገራችን ሴት ናት፤ ቤት ፈልጋ የምታስቀጥረንም እሷ ነች። ታሪክ ሳታስይዝ ማንንም አትልክም። እንደ አስተማሪ ፊቷ አቆመችኝ።

“አባት አለሽ?”

“በልጅነቴ ሞቷል።”

“ጥሩ። እናትስ?”

“አለች።”

“የለችም” አለች። “በጉበት በሽታ ሞታለች። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉሽ፣ የምታሳድጊያቸው አንቺ ነሽ።”

“ኧረ እትዬ፣ ወንድም የለኝም! እናቴንስ ለምን ይገድሏታል?”

“ስሚኝ ልጄ። መመለሻ ያላት ሠራተኛ ትኮራለች ይላሉ። ማዳሞቹ የሚፈልጉት ሌላ በር የሌላትን ነው። ስትናገሪ ወለሉን እያየሽ። ካለቀስሽ ጥሩ፤ እንባ እምቢ ካለሽ ዝም በይ፣ ዝምታም ያስለቅሳል። ኸላስ፣ ያላ፣ ሂጂ።”

በዚያ ክፍል ስድስታችንም እናት አልባ ነበርን። ዓርብ፣ የዕረፍት ቀናችን ሲደርስ ግን ስድስቱም ስልክ “እማዬ” ሲባልበት ነበር የሚውለው።

እንግዲህ ዶክቶራ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ከፍ ያለውን ወንበር አሳይተው “ተቀመጪ” ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ቆሜ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ የተጠናውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር በቃሌ ወጣሁት። መቼ ሞተች ሲሉኝ ያልተዘጋጀሁበት ነበርና “በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መግቢያ” አልኩ። እኔ ሳላለቅስ እሳቸው አለቀሱ። ቁልፉን የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ዓርብ ዓርብ ትደውልና ትዘጋለች፣ መልሼ እደውልላታለሁ። ዶክቶራ ማናት ሲሉ “አክስቴ” አልኳቸው። “አክስትሽን ሰላም በያት፣ እንደ እናት ሆና ትጠይቅሻለች” ይሉ ነበር። እኔም “ማዳሜ ሰላም ብለውሻል” እላታለሁ። ሁለት የሚከባበሩ ሴቶች በእኔ አፍ ሰላም ይባባላሉ፤ አንደኛዋ የሌላዋን ማንነት አታውቅም።

በዓመቱ አንድ ማለዳ ወጥ ቤት ስገባ ዶክቶራ ቀድመውኛል። ትልቅ ድስት ውስጥ ሙሉ ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ አድሯል። በራሳቸው እጅ ነው የዘፈዘፉት፤ በዚያ ቤት ሲሳካላቸው ያየሁት የመጀመሪያ የወጥ ቤት ሥራ ነው።

“ነሐሴ ገባ” አሉኝ በቀስታ። “የእናትሽ ሙት ዓመት ነው። በሊላ እንቀቅልና ለሰፈሩ ልጆች እናካፍል፣ ለነፍሷ ይሁን።”

በሊላ የእኛው ንፍሮ ነው። እነሱም ለሙታናቸው ምጽዋት ያድሉታል። እኔ አገር ለቅሶ ቤት ስንቱን ንፍሮ በልቻለሁ፣ ለገዛ እናቴ ግን በቁሟ እቀቅልላታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን ልበል? እሳቱን ለኮስኩ። እንደ ፈረደብኝ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ድስቱ ሲንተከተክ ስልኬ ጮኸ።

“ምን እየሠራሽ ነው?” አለችኝ እናቴ።

“ንፍሮ እየቀቀልኩ።”

“ለማን?”

“ለ... ለጎረቤት ልጆች።”

“ጨው አታብዢበት” አለችኝ።

የሰፈሩ ልጆች በየሳህናቸው እየተቀበሉ “አላህ ይርሐማ”፣ ነፍሷን ይማር አሉ። ዶክቶራም አሉ። እኔ አሜን ማለት አፌ እምቢ ብሎኝ እንባዬ ወረደ፤ ዶክቶራ ሐዘኔ የተነሳብኝ መስሏቸው አቀፉኝ። ያለ ሬሳ ተዝካር አወጣሁ። በሕይወት ያለን ሰው ሙት ማለት ሟርት ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አብርቼ እግዚአብሔርን “ይኼን እንዳትሰማ” ብዬ ለመንኩት። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ስልክ አንድ ሰዓት ሲዘገይ ሳልጠብቅ ራሴ እደውል ጀመር።

ዶክቶራ በዚያን ጊዜ የሚጽፉት አዲስ መጽሐፍ ከቤታቸው ወጥተው በሰው ቤት ስለሚሠሩ ሴቶች ነበር። አንድ ረቡዕ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ከጓሮ ጠሩኝ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀት ይዘዋል። ከፍ ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። “ዛሬ ተራሽ ነው” አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እስክርቢቶውን ሰጡኝና ማንበብ ጀመሩ። የእናቴ አሟሟት ነው። ወይ ጉድ፣ እንዴት አድርገው ጻፉት! ጉበቷ ሲከዳት፣ እኔ ራስጌዋ ተቀምጬ ሳድር፣ ወንድሞቼ እግሬን ይዘው “አትሂጂ” ሲሉኝ። እኔ ራሴ ሆዴ ባባ፤ እናቴ አለመሞቷን ረስቼ ላለቅስ ደረስኩ። “የእናቷን ሞት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ድንበር ተሻገረች” የሚል ላይ ሲደርሱ ግን ነቃሁ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ የተሻገርኩት ቆሎ ነበር።

“በደንብ ጽፌሻለሁ?” አሉኝ ቀና ብለው። መነጽራቸው ውስጥ ዐይናቸው እንደ ተማሪ ዐይን ይጠብቀኛል። “ከፈለግሽ ሰርዢ።”

ጥሩ ነው ብል ያልቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሥራዬም ክፍሌም ቁልፌም እጄ ላይ ይቀራሉ። ነገር ግን የማቀዝቀዣው በር ትዝ አለኝ፤ ያ ሰውዬ የሚፈልጋትን ውሸት እኔ ነኝ ያቀበልኩት። ደግሞም እናቴ በመጽሐፍ ከሞተች መቼ ልትነሳ ነው?

“ዶክቶራ፣ እናቴ አልሞተችም” አልኳቸው።

አልገባቸውም። “አክስትሽ...” አሉ።

“አክስት የለኝም። እናቴ ናት።”

“በሊላውስ?”

“እኔው ቀቀልኩት።”

ወረቀቱን አጠፉት። ሊነሱ ሲሉ ቶባቸው በርጩማው ላይ ተያዘ፤ በኃይል ሲጎትቱት ጫፉ ተቀደደ። ወደ ቤት ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ሁለት ቀን ቃል አልተናገሩኝም። ዳቦና ሻይ ብቻ አስገባለሁ፣ እንደነበረ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን ሃቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል መጣ፤ ሰማዩ ቀላ፣ መብራት ጠፋ፣ አሸዋው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ገባ። ቤቱን እየጠረግኩ ሻንጣዬንም አዘጋጀሁ። ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አባረሩኝ ብዬ ከማልቀስ ራሴ ብወጣ ይሻላል አልኩ። ያም ሆኖ አለቀስኩ፤ ያን ቤት ወድጄው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። በገዛ ወጥ ቤታቸው አንኳኩተው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ከፍ ያለውን ወንበር፣ በሌላው በርጩማውን ከጓሮ ጎትተው አምጥተዋል፤ ቶቡ አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። ወንበሩን ለእኔ አቀረቡና እነሱ እንደሚያደርጉት “ቢስሚላህ” ብለው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

“በጣም ተናድጄ ነበር” አሉኝ። “በአንቺ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሴቶችን ሰምቻለሁ። እናቷ ያልሞተች፣ የማታለቅስ፣ ወለል የማታይ ሴት በሬን አንኳኩታ ቢሆን ኖሮ እቀጥራት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።”

“ይቀጥሩኝ ነበር?”

“ወላሂ፣ አላውቅም።”

ሰውን ከማክበር አልፌ የወደድኩበት ቅጽበት ካለ ይኼ ነው። “አዎ” ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አላምናቸውም ነበር እንጂ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አንስተው መለሱልኝ።

“አሁን ንገሪኝ” አሉ። “ምን ደርሶብሽ መጣሽ አልልሽም። ምን ፈልገሽ መጣሽ?”

ይኼን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድንበር ላይ የጠየቁኝ ወረቀት ነው፣ ጀሪፍ የጠየቁኝ ሐዘን ነው። ምን ፈለግሁ?

ነገርኳቸው። ባል ነበረኝ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ አይጠጣም። ሱቅ አለው፤ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ፣ ሰው “ሩብ ኪሎ” ይለኛል፣ እሰፍራለሁ። በተጋባን በስምንተኛው ወር፣ ዕድሜዬ እዚያ ጆንያ አጠገብ እንደተቀመጠች ስታልቅ ታየኝ። ለጥምቀት እናቴ ቤት ሄጄ አልመለስም አልኩ። ምክንያትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ምክንያት የለኝም፤ በደል ቢኖር ሰው ያዝን ነበር። ልሂድና አገር ልይ፣ የራሴን እንጀራ ልብላ ብላ ባሏን የምትተው ሴት ግን ማን ይሰማታል? እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ፣ እኔም ልመለስ ሆነ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። እናቴ በሩን በመቀርቀሪያ ዘግታ ነው የምትተኛው፣ ሲከፈት ጎረቤት ይሰማል፤ ያን ቀን እንደ ዕድል ሆኖ ረስታው አድራለች። ለሽማግሌዎቹ የቆላችውን ቆሎ ከሌማቱ ሰርቄ ነጠላዬ ላይ ቋጠርኩ። ደህና ሁኚ ሳልላት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። እሷ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልደፍርም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም አልኳቸው።

ዶክቶራ ሲጽፉ አላየሁም፤ ሰሙኝ ብቻ። በወሩ ግን አዲሱን ምዕራፍ አነበቡልኝ። አንዲት ሴት ወጥታ እንድትሄድ ዓለም እሺ እንዲላት ለምን እናቷን መቅበር አለባት የሚል ነው። የጀሪፏ አከራይ አለችበት፣ በሊላው አለበት፣ አልቅሰው የቀጠሩኝ እሳቸውም አሉበት፤ ለራሳቸው አልራሩም። የስኳሩን ጆንያ ሳይቀር አልረሱም። የሰረዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ባሌን “ደረቅ” ብለውት ነበር፣ ደረቅ አልነበረም።

“አንድ ሰው ይቀራል” አሉኝ። “እናትሽ ምዕራፉ ውስጥ አለች። ትስማው።”

ለመንኳቸው። ገደልኩሽ ብዬ እንዴት አነብላታለሁ? ያለ በደል ባሌን ትቼ፣ አንቺንም ትቼ ሄድኩ ብዬ እንዴት? ዓርብ ዓርብ የምትደውልልኝን ስልክ ብታቆምስ?

“እምቢ ካለች ምዕራፉ ከመጽሐፉ ይወጣል” አሉኝ። “ለሻይ ሻጯ የሠራ ሕግ ለእናትሽም ይሠራል።”

ዓርብ ደረሰ። ዶክቶራ ስልኬን ተቀብለው ድምፁን ከፍ አደረጉና ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። እሳቸው በርጩማቸው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ዶክቶራ ማታ ማታ የዐረብኛ ፊደል አስቆጥረውኝ ነበርና፣ ከዐረብኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ከዚያ ወገን ምንም አይሰማም፤ ዶክቶራ በዐይናቸው “ምን አለች?” ይሉኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጨረስኩ።

“ገደልሽኝ?” አለች እናቴ።

“አዎ እማዬ።”

“በምን?”

“በጉበት።”

“ኧረ ጉድ!” አለችና ሳቋን ለቀቀችው። “እኔ እኮ ራሴን በኩላሊት ነው ያሳመምኩት!”

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወገቧን አስራ ተኝታ ጠበቀቻቸው። ልጄ ኩላሊቴን ልታሳክመኝ ብላ ሱዳን ሄደች፣ እናቷን የምታህል ነገር ይዟት ነው አለቻቸው። ማን ይናገራል? ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ተመለሱ፣ ባሌም ስሜን አላጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በዱላ ነው የምትሄደው። “አንዳንዴ ረስቼው ቀጥ ብዬ እራመዳለሁ፣ ሰው ሲመጣ ወገቤን እይዛለሁ” አለችኝ። ለዶክቶራ ስተረጉምላቸው ቶባቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። “ይቺ ሴት ማስተማር የነበረባት እኔን ነው” አሉ። እውነታቸውን ነበር።

“አንድ ቦታ ግን ተሳስተሻል” አለች እናቴ ሳቋን ገታ አድርጋ። “ሰርዢው።”

“የቱን?”

“በሩን ረስታ ያልሽውን። አባትሽ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ሳልቀረቅር ተኝቼ አላውቅም። ቆሎውስ ቢሆን? ሽማግሌ የሚቀበል ሰው ጠላ ይጠምቃል እንጂ የመንገድ ስንቅ ይቆላል? እግርሽ ከደጅ እስኪወጣ ትንፋሼን ውጬ ተኝቼ ነበር።”

ዶክቶራ “ምን አለች? ምን አለች?” ይሉኛል። እስክርቢቶውን ከእጃቸው ወስጄ ያችን መስመር ሰረዝኳት፤ በላይዋም በተጣመመው ዐረብኛዬ፣ እናቷ በሩን ሳትቀረቅር ጠበቀቻት ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ በእንባዬ ተበላሸ።

“ጻፍሽው?” አለችኝ እናቴ ከወንበሩ ላይ።

“ጻፍኩት እማዬ።”

“እስቲ አንብቢልኝ” አለች።